የዋንዛው አሸንዳ

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ ለወንድሜ ለጋሼ እንድሪስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱሏህ። ለጤናዎ እንደምን ከረሙልኝ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? ያ ወገብዎን ሰቅዞ የሚይዝዎ ሕመምስ ጋብ አለልዎ ወይ? እትዬ ሥርጉት ደህና ናቸው? የሱፍስ ቁመቱ አባቱን ደረሰ? እኔ አልሃምዱሊላህ፣ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፤ የምሄድበት አነሰ እንጂ።

ወረቀቱን የሚሰጥዎ ሾፌሩ ኑርሁሴን ነው። በፖስታ ያልላክሁት ብዙ እጅ እንዳይነካው ብዬ ነው። እሱም፣ “ኬላ ላይ ቢፈትሹኝ በዳቦ ጠቅልዬ እውጠዋለሁ፤ ብቻ አታርዝሚው፣ ጉሮሮዬ ጠባብ ነው” ብሎ አስቆኛል። ከኋላው የሚቆመውን ረዳቱን ግን ምንም ሳይጠይቁ ውሃ ሰጥተው ያስቀምጡልኝ። ይህን አንብበው እስኪጨርሱ እንዳይናገር አዝዤዋለሁ።

ባለፈው “ሁሉንም ትተሽ ነይ፣ እዚህ ቤት አለሽ” ብለው ጽፈውልኛል። ደጋግሜ አነበብሁት። እንዴት ልምጣ ጋሼ? ያለ ይለፍ ወረቀት ባቲን አላልፍም። ይለፉን የሚሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ እሱም “ልጅሽን አምጪና ወረቀትሽን ውሰጂ” ይለኛል። ዘይኑልአቢዲን ለውትድርና ስሙ ከተጠራ ወዲህ “ጅማ ለቡና ለቀማ ሄዷል” እያልሁ ነበር የከረምሁት። ሰብስበው ያሰፈሩን አዲሱ መንደር ውስጥ ደግሞ የሚደበቅ ነገር የለም። ቤቱ ሁሉ በረድፍ ነው፤ የአንዱ በር የሌላውን በር ሲያይ ይውላል። ሳስነጥስ ከወዲያኛው ረድፍ “የርሐሙኪላህ” ይሉኛል።

ዘይኑ ግን ጅማ አልሄደም። ከገደሉ ማዶ፣ ከሽንኩርት መደቦቻችን በላይ ካሉት ዋሻዎች በአንዱ ነበር።

እርስዎና አባታችን ከዋንዛ ግንድ ፈልፍላችሁ በገደሉ ላይ ያጋደማችሁት አሸንዳ ዛሬም አለ። የተሸከመው የድንጋይ ካብ ሁለት ቦታ ተንዶ ጠግነነዋል። የዘይኑ አባት ሀምዱ፣ አሏህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ወዲህ የውሃ አባትነቱን፣ ተራ ማካፈሉን፣ “እስኪታጨድ ያዢው” ብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ ይኸው እስካሁን የተቀበለኝ የለም። በየቀኑ ቦዩ ራስ ላይ እቀመጣለሁ። ልማዱን አልረሱትም መቼም፤ ገደሉ ድምፅ ስለሚበላ ተራ ሲደርስ አንድ እስር ክትክታ ውሃው ላይ እጥላለሁ። ቅጠሉ በአሸንዳው ተሻግሮ ማዶ ሲደርስ አንዱ መደቡን ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍታል። እኔና ልጄ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመርንበት። ክትክታ ከሆነ የሰው ተራ ነው፤ ግራዋ ከሆነ ሽሽ። መልማዮቹ ዳገቱን ሲወጡ ባየሁ ቁጥር ግራዋ እጥላለሁ፤ ውሃው ከጫማቸው ቀድሞ ይደርስለታል። ቆሎውንም በቅል አድርጌ፣ ሰው ዞር ሲል፣ በዚያው በውሃው እልክለት ነበር።

በጥር መጨረሻ ግን ነገር ተበላሸ። ቤቷ ቦዩ ዳር የሆነው ጎረቤቴ መዲና የወተት ቅሏን በግራዋ ስትፈትግ ጥራጊውን ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። ቦይ ውስጥ ዕቃ ማጠብ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ማን ያየኛል ብላ ነው። ዘይኑ ግራዋውን ሲያይ በጠራራ ፀሐይ ወደ ተራራው ሮጠ፤ ሚሊሻዎቹም ከታች ሆነው አዩት። ጅማ ነው ያልሁት ልጅ! ዋሻ ለዋሻ ሲያስሱ ውለው ቢያጡት፣ “ርሃብ ራሱ ያወጣዋል” ብለው መሻገሪያው ላይ ጠመንጃ ይዘው ተቀመጡ። ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ጠመንጃ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ልሸጥ ኮምቦልቻ ብወርድ እንኳ ማታ መመለሴን የሚያይ ሰው ተመድቦብኛል።

ጨው ተጠቅልሎበት በመጣ ቁራጭ ጋዜጣ ላይ አንድ ነገር አንብቤ ነበር። በጥንት ዘመን በባሕር ማዶ አገር ሰዎች የሩቅ ተራራ ውሃ በድንጋይ ቅስት ላይ አድርገው፣ ሸለቆውን ሁሉ አሻግረው ከተማ አስገቡት ይላል። የገፋው ነገር የለም፤ መንገዱን ጥቂት ጥቂት እያዘቀዘቁለት ራሱ ሄደ። ቁልቁለቱ ቢበዛ ቦዩን ያፈርሰዋል፣ ቢያንስ ተኝቶ ይቀራል። ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል። አባታችንም “ውሃን አትግፋው፣ ዝቅ ብለህ ጥራው” ይሉ አልነበር? ይህን ሳስብ ሰንብቼ ዓይኔ አሸንዳው ላይ አረፈ። ቅጠል የሚሻገርበት፣ ቆሎ የሚሻገርበት፣ ሰውስ?

ትናንት ወንዶቹ፣ ሚሊሻዎቹም ጭምር፣ ለጁምዓ ሰላት መሻገሪያው ዳር ወዳለው መስጊድ ሲወርዱ ውሃውን ከራሱ ዘጋሁት። ተራው የመዲና ነበር። ያለ ተራ ውሃ መዝጋት ምን እንደሚያስብል ያውቃሉ። ዘይኑ ውሃው ሲደርቅበት ና ማለቴ እንደሆነ ገባው፤ በሆዱ ተኝቶ በሚያዳልጠው አሸንዳ ላይ እየተንፏቀቀ መጣ። አጋማሽ ላይ ሲደርስ መዲና እየጮኸች ወደ እኔ ወጣች። “የውሃ አባት ሞቶ የውሃ ሌባ ተሾመብን!” ስትል ዓይኗ አሸንዳው ላይ ወደቀ። ቀጥ አለች። ከዚያ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ ከበፊቱ ይልቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትሰድበኝ ጀመር። እናቴንም፣ አባቴንም፣ እርስዎንም አልማረችም። ሴቶቹ ሁሉ ከየበራቸው ወጥተው እኛን አዩ፤ ወደ ገደሉ ያየ አንድም አልነበረም። ሲበቃት ጠጋ ብላ “አለፈ ወይ?” አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። “እንግዲያ ውሃዬን ልቀቂልኝ፣ ሽንኩርቴ ምን በደለሽ” አለች።

ጋሼ፣ አሁን ቀና ብለው ያንን ረዳት ይዩት። ጥለውት ሲሄዱ ገና ድክድክ ይል ነበር። ሌሊቱን በእግሩ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ኬላውን በኑርሁሴን የቀድሞ ረዳት መታወቂያ ነው ያለፈው፤ ከእንግዲህ በስሙ ይጥሩት።

አብሬው ልሳፈር ከመኪናው በር ላይ እጄን አኑሬ ነበር። ዛሬ ማታ ቤቴ ካልገባሁ ግን ሌሊቱን ስልክ ይመታል፣ ባቲ ላይ መኪናው ይቆማል። ስለዚህ እመለሳለሁ። እስከ ትናንት ደብቄ የላክሁትን ቆሎ ከነገ ጀምሮ እያዩኝ እልከዋለሁ። ሚሊሻዎቹ ቅሉ ሲሻገር እያዩ፣ ልጁ ገና ማዶ ነው ብለው መሻገሪያውን ይጠብቁ። እኔ እንግዲህ እንደ ካቡ ነኝ፤ ውሃውን በላዬ አሳልፌ እዚያው የምቀር። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእሱ ግን ይህን አይንገሩት።

እትዬ ሥርጉትን “ጉልበትዎን ትስማለች” በሉልኝ፤ የልጁን እግር ይዩለት፣ ካቡ ላይ ቆስሏል። የሱፍን ወንድም መጣልህ በሉት። ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ በያሉበት ሰላም በሉልኝ፤ ዱዓ አድርጉልን። እርስዎንም አሏህ ዕድሜ ይስጥልኝ።

በደህና ከደረሰላችሁ ወረቀት አይጻፉ። በኑርሁሴን እጅ አንዲት የዘንባባ ቅጠል ብቻ ይላኩልኝ። ተራው ማዶ መድረሱን በዚያ አውቃለሁ።

እህትዎ ዘይቱና
ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ የካቲት 5 ቀን 1980 ዓ.ም.