የግጦሽ መሬታችን ጠባቂ የጓድ ይስሐቅ ፈንታው ኅልፈት

የዋንዛ በር ወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የግጦሽ ክፍል ኃላፊው ጓድ ይስሐቅ ፈንታው በወባ ታመው በአማን ከተማ ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም. ማረፋቸውን ለአባላቱና ለሚዛን ተፈሪ አካባቢ ሕዝብ በመራራ ሐዘን ያስታውቃል። የሚተካቸው ሰው የለንም።

ጓድ ይስሐቅ በማሻ ተወልደው ያደጉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ በቡና ለቀማ ሥራ ላይ ሳሉ በራሳቸው ጥረት ማንበብና መጻፍ የተማሩ ሰው ነበሩ። ማኅበሩ በ1969 ሲቋቋም የደረሰው መሬት በቆሎ ያደከመው፣ ናይትሮጂኑ የተሟጠጠ ነበር። ሣሩ ክረምት ከበጋ ቢጫ ነበር።

በ1970 መሬቱን በአሥራ ሁለት መደብ ከፍለው ሣርና ደስሞዲየም የሚባለውን የመኖ ሐረግ ለየብቻም በአንድነትም ዘሩ። በደኸየ አፈር ሣር ከሣር ተሻምቶ እንደሚቀጭጭ፣ ሐረጉ ግን በሥሩ እባጮች ናይትሮጂን ከአየር ወስዶ ራሱን እንደሚመግብ፣ ሲበሰብስም ለሣሩ እንደሚተርፍ፣ ሥር እየነቀሉ አሳዩን።

እስከ 1976 አርባ አንድ ላሞች በዚህ መኖ ታለቡ።

በ1977 ዩሪያ መጣ። ሣሩ ማዳበሪያውን ቀድሞ ወስዶ ሐረጉን በጥላው እንደሚገድለው ጓድ ይስሐቅ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከቱ። አባላት «የሐረግ ጠበቃ» ብለው ሣቁባቸው፤ ጉባኤው በድምፅ ብልጫ ዩሪያው እንዲበተን ወሰነ። ጥፋቱ የማኅበሩ ነው። በ1978 ዩሪያ አልመጣም። ሐረጉ በአሥራ አንዱ መደብ ጠፍቶ ነበርና ሣሩ ወደ ቢጫነቱ ተመለሰ። አሥራ ዘጠኝ ላሞች ሞቱ።

አራተኛው መደብ የተረፈው ጓድ ይስሐቅ አጥረው ማንንም አላስገባም ስላሉ ነው። ለዚህ ስድስት ወር ከሥራ ታገዱ። እገዳው ስህተት ነበር። በሕይወት ሳሉ ይህን አልነገርናቸውም።

ዛሬ ያለን የሐረግ ዘር በዚያ መደብ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ገና አላፈራም። ጓድ ይስሐቅ ከታመሙ ወዲህ ሣሩ ስላልታጨደ ሐረጉን ውጦታል። ጥላው ከቆየ ዘር አይዝም። ዘሩ ከጠፋ ለቀሩት ሃያ ሁለት ላሞች የምንሰጠው ነገር የለም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ንጋቷ ይርዳው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥ። በሰልስቱ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ለቅሶ የሚደርስ አባል ሁሉ ማጭድ ይዞ ይምጣ። ወይዘሮ ንጋቷ ፈቅደዋል። ሣሩ ከሐረጉ በላይ ብቻ ይታጨዳል፤ ሐረጉን ማንም እንዳይረግጥ።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ጥቅምት 10 ቀን 1979 ዓ.ም.