ሰላምታ ለኪዋ

ጥቅምት 8

ገበያው ቀዝቃዛ። ማሽላ የሚጠይቅ እንጂ የሚገዛ የለም። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ብሏል።

ከሰዓት ፊርደውስ መጣች፤ የወንድሜ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው። ምን እየሠራሽ ነው አልኳት። ጥናት። የምን?

"የሰላምታ፣ አዳዳ።" የአባቷ እህት ስለሆንኩ እንዲያ ነው የምትጠራኝ።

ከሚሴ ላይ ሰው ሲገናኝ ምን ምን ይጠያየቃል? ምን ያህል ይቆያል? ይኼን ጽፋ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ልታወጣ!

"ለዚህ ደመወዝ አለው?"

"አለው።"

"ታዲያ እኔን ይኼን ሁሉ ዘመን በነፃ ነው ሰላም ያስባላችሁኝ?"

ሳቀች። አንድ ባልደረባዋ ደግሞ ፍየል በየትኛው ጎኗ መተኛት እንደምትወድ ጽፎ ዶክተር ተብሏል አለች። ወላሂ አልቀለደችም። እኔ እኮ ፊደል ያመለጠኝ አባቴ ፍየል ጠብቂ ብሎኝ ነው። ለካ ዶክተር የሚያደርገው ፍየሉ ኖሯል!

ጥቅምት 12

ዛሬም አንዷ "በዚህ ዕድሜ ፊደል ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ።

ፊደል ያስቆጠረኝ ልጄ ሳዳም ነው። ሳዑዲ ሊሻገር በባቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ ሲወርድ በስልክ መልእክት ይልክልኝ ነበር። የምታነብልኝ ጎረቤቴ ዘሃራ ነበረች። ጮክ ብላ። "እማ አታስቢ፣ ርቦኝ አያውቅም" ብሎ ሲልክ እንደራበው ግቢው ሁሉ አወቀ። በማግስቱ ጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ።

የመጨረሻዋን መልእክት ራሴ ነኝ ያነበብኳት። "ድንበሩ ጋ ደርሰናል እማ። ስገባ እደውላለሁ።" ከዚያ ወዲህ ሁለት ረመዳን አለፈ። ድንበር ላይ ስልክ ይቀማሉ ይባላል። እስር ቤትም ስልክ የለም...

ይደውላል።

ጥቅምት 21

ፊርደውስ መቅረጫዋን ይዛ ማሽላዬ አጠገብ ዋለች። ሰዉን ታስፈቅዳለች፣ ከዚያ ሰዓቷን ታያለች። እኔን እፍረት ጨረሰኝ።

ከጎኔ ምስር የምትሸጠው ሰዒዳ አፏን መቅረጫው ላይ ደቅና መንግሥትን በኦሮምኛ ደህና ነህ ወይ ትለው ጀመር፦ "አከም ጅርታ መንግሥት? ነጋ? ፈያ? ማዳበሪያውስ ደህና ነው?" ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ፊርደውስ ይኼንንም ጻፈች!

ቦርከና በየክረምቱ ሞልቶ የጨፋን ማሳ ሲበላ ማን አጠናው? ማሽላውን ከውስጥ የሚጨርሰውን ትልስ? ሰላምታ... ተምረው ተምረው እዚህ ደረሱ።

ኅዳር 6

ፊርደውስ ቤት መጣችና ጆሮ ላይ የሚሰካውን የመቅረጫዋን ማዳመጫ ሰጠችኝ። ኦሮምኛው ከአማርኛው ሲደባለቅ አልሰማ አለኝ፣ አግዢኝ አለች። አንቺ? እዚሁ አይደል እንዴ ያደግሽው? መቅረጫውን ከፈተችው። ይሁን ብዬ ሰማሁ።

ሰዒዳን ሰው ሁሉ "ጅዳ ያለችው ልጅሽ ደወለች?" ይላታል። ዘሃራን "የታሰረው ልጅሽስ?" ይሏታል። የታመመ ይጠየቃል። የጠፋች ላም እንኳ ትጠየቃለች። እኔ ጋ ሲደርሱ... "ደህና ነሽ እቴ አስያ? ጉልበትሽስ? ማሽላውስ?" አለቀ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ሌላዋም እንደዚያው።

"ስለ ልጄ የጠየቁኝን ቆርጠሽዋል?" አልኳት።

"አልቆረጥኩም፣ አዳዳ።" መሬት መሬት ታያለች።

ድሮ ይጠይቁኝ ነበር። "ሳዳም ደወለ?" ሲሉኝ ይመረኝ ነበር። መቼ ነው የተዉት? ሲተዉኝ እኮ እፎይ ነው ያልኩት!

ሸምሱ ከሳዑዲ ተመልሶ ከመጣ ወዲህ ነው። ከልጄ ጋር አብሮ የወጣው ሸምሱ። "መንገድ ላይ ተለያየን" ብሎኝ ነበር። ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ሱቅ ከፍቶ የኮራብኝ መስሎኝ...

እኛ ዘንድ መርዶው እስኪነገር ድረስ የሞተ ሰው በሰላምታ አይነሳም። ደህና ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ማላገጥ ነው። ሞቷል ማለትም የሽማግሌ ሥራ ነው። ስለዚህ ይዘለላል። የዘሃራ ባል የሞተ ጊዜ እናቱ ገና ሳይረዱ ባቲ ገበያ አገኘኋቸው። በጎቹን ጠየቅኩ፤ ዝናቡን ጠየቅኩ። ልጃቸውን ዘለልኩት። እጃቸውን ስሜ ሄድኩ።

ያ ረብ።

ኅዳር 7

ገበያ አልወጣሁም።

ኅዳር 9

ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ዛሬ የሚሻገረው መንገድ አልነበረውም።

"እንዴት ነዎት እቴ አስያ? ጉልበትዎስ?"

"ጉልበቴን ተወው። ሰላምታህን ጨርስ።"

"እ?"

"ልጅዎስ በለኝ፣ ሸምሱ። ሌላውን ሰው እንደምትለው።"

ሳሙና ይዞ ነበር። አስቀመጠው። መልሶ አነሳው። ከዚያ ባንኮኒው ሥር ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ብቻ ነው የመጣልኝ።

ተቅማጥና ትውከት ነው። ድንበሩ ሥር። ውሃ ለመነ። ነበራቸው፣ ሰጡት፤ አልረጋለትም። ሸምሱ በእጁ ቀበረው። ውሃ መጠጣቱን አስማልኩት። ማለልኝ። እንደገና አስማልኩት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሽማግሌዎቹ ቆይ አሉኝ። መጀመሪያ ረመዳን ይለፍ አሉ። ከዚያ መኸሩ ይግባ። ከዚያ ጉልበትዎ ሻል ይበልዎ..."

ሁሌ የሚያልፍ ነገር አይጠፋም። እኔ ይደውላል ብዬ ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ እነሱ መኸር ይጠብቁልኛል!

ኅዳር 14

ለቅሶው አበቃ። ድንኳኑ ተነሳ። የሰዉ እንባ ከርሞ የወጣ ነበር። ትኩሱን ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰዒዳ እግሬ ሥር ተቀምጣ "አፌ እምቢ አለኝ እቴዋ፣ አውፍ በይኝ" አለች።

"ለመንግሥት የተከፈተ አፍ ለኔ ተዘጋ?"

ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ምን ትበል?

ፊርደውስን ለብቻዋ ያዝኳት።

"ታውቂ ነበር?"

"አባቴ ነግሮኛል። ለአዳዳ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስምሎኛል።"

የገዛ ወንድሜ!

"ጥናትሽስ?"

"ጥናቱ ጥናት ነው። ወሬውን ሳልሰማ የጀመርኩት። ጆሮሽ ላይ የሰካሁልሽ ግን ለጥናቱ አልነበረም። እንዳልናገር ነው የማልኩት፣ አዳዳ። እንዳላሰማሽ አልማልኩም።"

ልመርቃት? ልርገማት? አንዱም አልወጣልኝ አለ።

ነሐሴ 14

የፊርደውስ ጽሑፍ ወጣ። በእንግሊዝኛ። ስንት ለፍቼ ፊደል ብቆጥር ፊደሉን ቀየሩብኝ! እየተረጎመች አነበበችልኝ።

መርዶ ላልተነገረው ሰው የሚሰጠው ሰላምታ አጭር ነው ይላል። ይኼን ለማወቅ መጽሔት ያስፈልጋል? ከሚሴ ሁሉ ያውቀው የለም እንዴ? ከኔ በቀር...

እኔ "አንዲት እህል ነጋዴ" ተብያለሁ። ልጄ "በስደት የሞተ የቤተሰብ አባል"።

"ስሙስ?"

"ስም አይጻፍም፣ አዳዳ። ደንቡ ነው።"

"እነሱም ዘለሉት በይኛ።"

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያ የፍየሉ ዶክተር ደግሞ እድገት አግኝቷል አለችኝ፣ ወሬ ለማስቀየር። ፍየሎቹስ? አልኳት። ምን አገኙ?

ነሐሴ 16

ከጨፋ ሮቢት የመጣች የማላውቃት ሴት ማሽላዬ ጋ ቆመች። እንደኔው ያረጀች። እፍኝ አንስታ እያየች፦

"እንዴት ዋልሽ እቴዋ? ልጆችስ ደህና?"

ሰዒዳ ከጎኔ በዓይኗ ጠቀሰቻት። ዝለይው ለማለት። አየኋት።

"ተያት ሰዒዳ! ትጠይቀኝ።"

ሴትየዋ ደነገጠች። ማሽላው ከእጇ ፈሰሰ።

"አንድ ነበረኝ" አልኳት። "ሳዳም ይባላል። በመንገድ ሞተብኝ።"

"አላህ ይዘንለት። ምን አግኝቶት?"

ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ነገርኳት። ውሃውንም ነገርኳት። ስጨርስ "የኔም ወጥታለች" አለች፣ ቀስ ብላ። "ከወጣች ድምጿን አልሰማሁም። አሁን አሁን የሚጠይቀኝም የለም።"

ምን እላለሁ? ጠጋ አልኳት።

"ስሟ ማን ነው?"

"አፍናን።"

ስለ አፍናን ጠየቅኳት። ጠባይዋ በማን እንደወጣ፣ መልኳ ማንን እንደሚመስል፣ ትንሽ ሆና ምን እንደምትፈራ። አንዱንም አልዘለልኩም። ጥላው ከላያችን ዞሮ ሄደ። ገዢ መጥቶ ቆሞ ቆሞ ሌላ ጋ ሄደ። ይሂድ።

ፊርደውስ አጠገባችን ብትኖር የሰላምታችንን ሰዓት ትይዝልን ነበር።