ሳይክል ላይ የሚለካ ቁምጣ

ውድ ላጢፋ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ወንድምሽ ዚያድ ነው። ነገ አይሱዙውን ጭኖ ወደ ሐዋሳ እንደሚወርድ ስሰማ ከገላን ኮንዶሚኒየም ተነስቼ እናንተ ቤት ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «በዚህ ዘመን ደግሞ ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ደውይላት እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። መደወል አልፈልግም። ስልክ ላይ «እሙዬ» ስትዪኝ ሆዴ ይባባና ልናገር የነበረውን ሁሉ እውጠዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጪኝ አትችዪም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ዝም ብለሽ አንብቢኝ።

እቀናብሻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ስለ ፍጥነትሽ ወይም ስለ ሜዳሊያሽ እንዳይመስልሽ፤ በዚያ መቅናት እንኳ ወግ አለው። እኔ የቀናሁብሽ በቁምጣሽ ነው።

የሳይክል ክለባችን ልብስ ያመጣልን ቀን ትዝ ይልሻል? ኮች ተስፋሚካኤል ልብሱን ከማዳበሪያው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈና «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ተከፋፈሉ» አለን። እውነቱን ነበር፤ ሁሉም የወንድ ነበር። አንቺ ረጅሙን ጥብቅ ሱሪሽን ከሥር፣ ቁምጣውን ከላይ አጠለቅሽና ሻሽሽን ከሄልሜቱ ሥር አስረሽ ወጣሽ። አንቺ ዳሌ የሚባል ያልፈጠረብሽ ልጅ! ልብ ብሎ የሰፋልሽ ሰው ያለ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ የእናቴን ዳሌ የወረስኩ ነኝ። ለወገቤ የሚሆነው ጭኔን አንቆ ይይዘኛል፣ ለጭኔ የሚሆነው ከወገቤ ይወርዳል። ማሊያው ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ወደ ላይ እየተሰበሰበ ጀርባዬን ያጋልጠኛል። ቃሊቲ መናኸሪያ ጋ ስናልፍ ረዳቶቹ የሚሉኝን አንቺም በጆሮሽ ሰምተሻል። ኮች ግን አንቺን አይቶ «ስፖርተኛ ማለት እንዲህ ነው! ላጢፋን እዩዋት» አለ። ስለ ልብሱ ባጉረመርም ደግሞ «ሳይክል የሚነዳው እግር ነው፣ ልብስ አይደለም» ብሎ አፌን አዘጋኝ። እሱ ምን ቸገረው፣ የሱ ቁምጣ የሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ልበልው። የወንድ ቁምጣ መቀመጫው ላይ የሚሰፋው ስፖንጅ ለወንድ ነው የተሠራው። እኛ በምንፈልገው ቦታ የለም፣ በማንፈልገው ቦታ ትራስ ያህላል። ከአቃቂ ዱከም፣ ከዱከም አቃቂ ስንመላለስ ቆሰልኩ። የት እንደቆሰልኩ ለኮች፣ አባቴ ለሚሆን ሰው፣ ምን ብዬ ልንገረው? «ጉልበቴን ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ የጉልበት ቅባት፣ የጉልበት ፋሻ፣ የጉልበት መታሸት ሆነ። እናቴማ ጉልበቴን ጸበል ልታስነክርልኝ ተነስታ ነበር። ደህናው ጉልበቴ ታሽቶ ታሽቶ የእውነት ሊታመም ምንም አልቀረው። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። እንዳትናገሪ ብዬ አስማልኩሽ፤ «ወላሂ አልናገርም» አልሽኝ፤ አልተናገርሽም።

የሐዋሳ ክለብ ሰዎች ሊመርጡ የመጡ ቀን እኔ ጉልበቴን በፋሻ ጠቅልዬ መንገድ ዳር ቆምኩ። አንዱ ሰውዬ ወደ እኔ ጠቁሞ «ያቺስ?» ሲል ኮች «እሷ ጎበዝ ነበረች፣ ጉልበቷ ነው እምቢ ያላት» አለው። አጠገባቸው ነበርሽ። ዞር ብለሽ አየሽኝና መልሰሽ መሬት መሬት አየሽ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያንቺ ዝምታ ግን እኔ ውስጥ ነቀዘ። ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ዝም ስላልሽ የተቆጣሁብሽም እኔው ነኝ። ዳኛ ፊት ባቀርበው የሚሳቅብኝ ክስ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አንቺ ሐዋሳ ሄድሽ፣ እኔ ከነፋሻዬ አቃቂ ቀረሁ።

ከዚያ ያንን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፍሽው። ሐይቁ ከኋላሽ፣ አዲሱ የሴት ልብስ ላይሽ ላይ። «ማሻላህ ውበት!» ብዬ ልብ ልኬልሻለሁ፤ ልቡን የላከው ጣቴ ብቻ ነበር። ፎቶውን በሁለት ጣቴ እየጎተትኩ አሰፋሁት። ፊትሽን አይደለም ያየሁት። የወገቡን ስፌት፣ የጭኑን ላስቲክ፣ ጨርቁ የት ጋ እንደሚታጠፍ ነው ያየሁት። አንድም መጨማደድ የለበትም። ደሜ ፈላ። እሷ ከጅምሩም የወንዱ የሚሆናት ልጅ ናት፣ አሁን ደግሞ የሴቱንም ለሷ! እኔስ ሰው አይደለሁም? አልኩ።

በማግስቱ አቃቂ ገበያ ሳልቫጅ ተራ ገባሁ። የልባሽ ጨርቁን ክምር ስገለብጥ ውዬ አንድ የፈረንጅ ሴት የሳይክል ቁምጣ አገኘሁ። ባለቤቷ ቀጭኔ ሳትሆን አትቀርም፤ ለሷ ቁምጣ የሆነው ለእኔ ከጉልበቴ በታች ወረደ፤ ስፖንጁም ጭኔ መሃል ላይ አረፈ። ከዚያ ጋሽ ሳህሌ ጋ ሄድኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተው ያሳደጉን ጋሽ ሳህሌ። የምፈልገውን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሜትሩን አሻግረው በጣታቸው ጫፍ ይዘው፣ ከሰውነቴ አርቀው፣ እኔን ሳይሆን በዙሪያዬ ያለውን አየር ለኩት።

«ጋሽዬ፣ ትንሽ ጠበብ ይበል እንጂ» ብላቸው፣

«ልጄ፣ ለጨዋ ልጅ እንዲህ ነው የሚሰፋ። እንዲያውም ትንሽ ጨምሬልሻለሁ» አሉኝ።

የጨመሩልኝ ጨዋነት ኮርቻው ላይ ተያዘ። አቃቂ ድልድይ ጋ ከመቀመጫዬ ልነሳ ስል ቁምጣው የኮርቻውን አፍንጫ አቅፎ አለቅም አለ፤ ከነሳይክሌ ባጃጅ ፊት ተዘረጋሁ። የባጃጁ ልጅ ወርዶ እያነሳኝ «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ የማነው ሱሪ?» አለኝ።

ቀጥዬ ቃሊቲ፣ የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፉት እትዬ ብዙወርቅ ጋ ገባሁ። እሳቸው ይሉኝታ የለባቸውም። «ቀጥ በይ! ደረትሽን አውጪ! ትንፋሽሽን ያዢ!» እያሉ እንደ ሙሽራ ጥፍር አድርገው ለኩኝ። ሰፍተው መስታወት ፊት ሲያቆሙኝ አላምን አልኩ። ላጢፋ፣ ያን ቀን ብታዪኝ አንቺም ትቀኚ ነበር። ፎቶ ላነሳ ሁሉ ስልኬን አውጥቼ ነበር፤ መጀመሪያ ልንዳበት ብዬ ተውኩት። ገና ወደ ገላን ሳልታጠፍ፣ መሪውን ይዤ ጎንበስ ስል፣ ከኋላዬ ጨርር ብሎ ተቀደደ።

ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ተመለስኩ። ሳይክሉን ውጭ ማቆም አልታየኝም፤ እየገፋሁ ከነአቧራው ሱቁ ውስጥ ገባሁ። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች።

«አንቺ! ነጭ ጨርቅ ላይ ጎማ ይዘሽ? አብደሻል?» ብለው ጮኹ እትዬ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቆሜ አልነዳም! እንዲህ ሆኜ ነው የምነዳው!» ብዬ እዚያው ሳይክሉ ላይ ወጥቼ ጎንበስ አልኩ። «እንዲህ እንዳለሁ ይለኩኝ!»

ሳይክሉ ሊወድቅ ሲል ሙሽራዋ በቬሎዋ ሮጣ መሪውን ያዘችልኝ። ሳቋ አላቆም አለ። እትዬ እየተራገሙ ሜትሩን አነሱ። ጎንበስ ስል ጀርባዬ አንድ ስንዝር ይረዝማል፤ ሆዴ ጋ ደግሞ ጨርቅ ይተርፋል። ስፖንጁ የት ይግባ ስንል፣ «ኮርቻውን ጠመኔ ቀቡትና ትቀመጥበት» ያለችው ሙሽራዋ ናት። ያንኑ የተቀደደ ጥቁር ቁምጣ እንደለበስኩ ተቀምጬ ስነሳ፣ የምቀመጥበት ቦታ ነጭ ሆኖ ታተመ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ይህን ያህል ዘመን ስንቆስል አንድ ሰው ይህን አለማሰቡ አናደደኝ።

ልብሱ አለቀ። ዱከም ደርሼ ተመለስኩ። ላጢፋ፣ ልብስ መልበሴን ረሳሁት። ሲኖትራኩ፣ ነፋሱ፣ አቧራው እንዳለ ነበር፤ የሚጎትተኝ፣ የሚያንቀኝ፣ የሚወጋኝ ነገር ግን አልነበረም። ማንም ሳያየኝ መንገድ ላይ ብቻዬን አለቀስኩ። አሁን የክለባችን ሴቶች እነ ኢክራማም አሰፍተዋል። እትዬ ብዙወርቅ ሳይክል ሁለተኛ ሱቃቸው እንዳይገባ ስላሉ፣ ልጆቹን ግቢ ውስጥ የምለካው እኔ ነኝ፤ እሳቸው የምሰጣቸውን ልክ ይዘው ይሰፋሉ።

ፎቶዬን ስለጥፍ ወዲያው ደወልሽ።

«እሙዬ! ማነው የሰፋልሽ? በአላህ ንገሪኝ!»

«ምን ያደርግልሻል፣ አንቺ የሴት ልብስ አለሽ አይደል?»

«ኧረ ተይኝ። ያየሽው ፎቶ እኮ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነው። የሴት ነው ይላሉ፤ እኔ ውስጡ እዋኛለሁ። የወንዱ ይሻለኝ ነበር። ቁስል በቁስል ሆኛለሁ።»

ደስ አለኝ። ልደብቅሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ አልኩ በሆዴ። ሁለት ጣቴን አድክሜ ያየሁት ስፌት በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነበር! «ልኬን ልላክልሽና አሰፊልኝ፤ የምርጫው ውድድር ሳይደርስ» ስትዪኝ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ማታውን የክፍል ጓደኛሽ የለካችሽን ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን ብለሽ በቴሌግራም ላክሽልኝ።

አሁን የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። ብሔራዊ ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ላይ ሁለታችንም አለን። የላክሽው ልክ ደግሞ ቆመሽ የተለካሽው ነው። ያየሁት ጊዜ ወዲያው ገባኝ። እንዳለ ለእትዬ ብሰጣቸው እንዳለ ይሰፉታል፤ አንቺም አመስግነሽኝ ትለብሺዋለሽ፤ ጎንበስ ስትዪ ወይ ይቀደዳል ወይ ያቆስልሻል። ማንም እኔን አይጠይቀኝም፤ የላክሽው ራስሽ ነሽ። ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ልክሽን በወረቀት ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሰነበትኩ። አንድ ቀን እንዲያውም እትዬ ሱቅ በር ድረስ ደርሼ፣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ። «ምን ፈለግሽ?» ሲሉኝ «ሰላም ልልዎት ነው» ብዬ ተመለስኩ።

ላጢፋ፣ ልኩ ስህተት ነው። ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ዚያድ ሲመለስ አብረሽው ነይ፤ ሳይክልሽን ጭነት ላይ አስሪው፤ ያንቺ ልክ ያለ ሳይክልሽ አይወሰድም። ሱሪሽ ከሥር ስላለ እሱም አብሮ ይለካል። ሜትሩን የምይዘው እኔ ነኝ። እጄ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ግን አንዲት ጣት አልቀንስብሽም፣ አንዲት ጣትም አልጨምርብሽም።

አትመርቂኝ፤ ደግነት አይደለም። እስከ ዛሬ በቀደምሽኝ ቁጥር «ልብሱ ነው» እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። የኛ ልብስ ለሷ ይሆናል፣ ለኔ አይሆንም፤ ያውና ምክንያቱ፣ እል ነበር። አሁን ሁለታችንም በልካችን ለብሰን መነሻው መስመር ላይ እንቆማለን። ያን ቀን ከቀደምሽኝ ለእናቴም፣ ለኮችም፣ ለራሴም የምለው አንድ ቃል የለኝም። ያን ቀን በጣም ነው የምፈራው።

ቢሆንም ነይ።

አሁንም የምቀናብሽ፣
እምነት
ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ