ጫማውን ትተው ሳንቃውን አዩ

ግትሩ ወዳጄ፣

እፎይ! ጫማዎቻችን አለፉ። ይህን የምጽፍልህ ባሕር ማዶ፣ የወደቡ በር ላይ፣ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው።

መቼም እኛ ጋ ገዢ ሶሉን አጥፎ፣ ቆዳውን አሽትቶ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። እኔም ዛሬ ጠዋት ምርጡን ጥንድ ወልውዬ፣ በእጄ ይዤ ተቆጣጣሪዋን ጠበቅኳት። ሴትዮዋ ዞር ብላም አላየችው! ባትሪዋን አብርታ ተንበረከከችና አንተ የሠራኸውን የእንጨት ሳጥን ጥጋጥግ ትፈትሽ ጀመር። ከእኔ በፊት የነበረው የሸክላ ነጋዴ ሳጥን ላይ አንዲት የነቀዝ ቀዳዳ አግኝታ "ከነዕቃው ይመለስ" ስትለው ሰምቻለሁና የያዝኩትን ጥንድ መሬት አስቀምጬ እኔም አብሬያት ጎንበስ አልኩ። ቀረጡን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ ያን ሁሉ ፊርማ አልፈን በሳንቃ ልንወድቅ!

በመጨረሻ አንተ ያስመታኸውን ማኅተም በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና "ይሄ በሙቀት የታከመ፣ ነቀዝ የማይኖርበት እንጨት ነው፤ እለፍ" አለችኝ። ነፍሴ መለስ አለች።

"ሳንቃው ምድጃ ካልገባ ሚስማር አልመታበትም" ብለህ ወይ ፍንክች ስትል፣ መርከቡ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሰደብኩህ። አፌን በቆረጠው።

ቦታ ስላለቀብኝ በወረቀቱ ጠርዝ ዞሬ እየጻፍኩ ነው። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ባለቤትህንም "በአንቺ ባል ከጉድ ወጣሁ" ብሎሻል በላት። ጫማዬ በአንተ እንጨት ባሕር ተሻግሮ፣ አንተ በዚያ በተጠጋገነ ሰንደል ጫማ መሄድህ አሳፈረኝ። ስመጣ እግርህን ወረቀት ላይ አቁምልኝ፤ ተንበርክኬ ልክህን እወስዳለሁ።

ምላሱ የረዘመው ጫማ ሰሪህ