የሹፌር ጣውላ

ሰኞ

ሰነጠቅኩት። መሰንጠቅ እንኳን አይባልም፣ ለሁለት ገመስኩት። በምን? በአሠሪዬ በባባ መኪና ጎማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣውላውን ልጌ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ጋራዡ በር ላይ ፀሐይ ላይ ትቼው ሚስቱን ማዳምን ገበያ ላደርስ ሄድኩ። ስመለስ ጎብጦ ጠበቀኝ። የዶሃ ፀሐይ ሰውን ምን እንደሚያደርግ እያየሁ ለእንጨት ይራራል ማለቴ! ታዲያ እኔ ሹፌር አይደለሁ? የማውቀው ጎማ ነው። ከባድ ነገር ቢጫነው ይቃናል ብዬ በአንዱ ጎማ ወጣሁበት። ቋ አለ። ማዳም በመስኮት ብቅ ብላ ምንድነው አለች። ምንም ማዳም አልኳት።

የሚስቅ ይሳቅ። ለእኔ ግን ጨዋታ አይደለም። ባባ ባለፈው ሳምንት ጠርቶ ልጆቹ መንጃ ፈቃድ አውጥተዋል፣ ሹፌር አያስፈልገንም፣ ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ አላድስም አለኝ። ወሩ ሲያልቅ ኸላስ። ሌላ ስፖንሰር ካላገኘሁ አገር ቤት ነኝ። ባለቤቴ ትርሲት ደግሞ ረያን ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ኮንትራቷ ገና ነው። አንድ ከተማ ለመገናኘት ስንት ዓመት ለፍተን ያገኘነው ዓርብ ዓርብን ብቻ ነበር። እሱም ሊቀርብን ነው።

የቀረኝ ሰው አቡ ሰሚር ነው፣ የማዳምን ቁም ሳጥን የሠራው ሶሪያዊ አናጢ። ረዳት ፈልጌ አጣሁ ሲል ሰምቼ እኔስ አልኩት። እጄን አገላብጦ አየና መላጊያና አንድ ቁራጭ እንጨት ሰጠኝ። ምግብ የሚቀርብበት ጣውላ ሠርተህ ሐሙስ አምጣ፣ ከዚያ እናወራለን አለ። ቀላል ነገር ነው አለኝ። ለሱ!

ማክሰኞ

ሰናያ፣ አቡ ሰሚር አናጢ ቤት ድረስ ሄጄ ሌላ እንጨት ለመንኩት። ተሰነጠቀ ብቻ አልኩት። በምን ቢለኝ ኖሮ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር። አልጠየቀም፣ ከጥግ አንዱን አንስቶ ወረወረልኝ።

ያለኝ ይሄ ነው፦ ከአትክልተኛው የተዋስኩት መጋዝ፣ የአቡ ሰሚር መላጊያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የማይታዘዝ እጅ። መጋዙ ቀጥ በል ስለው ወደ ግራ ይሄዳል። ጠርዙ ተንጋደደ። ማዕዘኖቹን ባዞራቸው ያስመስልልኛል ብዬ አዞርኳቸው።

አንድ ደህና ነገር። ማስመሪያ አስደግፌ በብርሃን ሳየው አንዱ ፊት ልክ ሆኗል። ሌላው ገና ነው። እንደ ትናንቱ እንዳይጎብጥ ፍራሼ ሥር አስተኛሁት። ለምን እንደምደክም ግን እንጃ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘ ሰው በአራት ቀን አናጢ አይሆንም።

ረቡዕ

የጣቶቼ ጫፍ ተልጧል። ብናኙ የባባ መኪና ላይ አረፈ፣ አጥቤው የነበረውን እንደገና አጠብኩ።

ትርሲት ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ደውላ በሹክሹክታ እንጨቱ እንዴት ነው አለችኝ፣ የታመመ ሰው እንደምትጠይቅ። ደህና ነው አልኳት። ለማርያም ተስያለሁ አለች። ምን እንደተሳለች አልነገረችኝም። ሳይሳካ ቢቀር ለሷ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ ጋራዡን አየሁ። መኪናው የሚወለወልበት ቅባት አለ፣ ባባ ከውጭ የሚያስመጣው። በጨርቅ ቀባሁት፣ ፈተግኩት። አበራ! ፊቴን ላይበት ምንም አልቀረኝ። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ

አለቀ።

አቡ ሰሚር ጣውላውን መስታወት ላይ አስቀምጦ ማዕዘኖቹን ተራ በተራ ተጫነ። አልተንገጫገጨም። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

"ይሄ እኮ ሰው የሚበላበት ነው! ልትመርዘው ነው?" ብሎ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ ጮኸብኝ።

ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? አል ዋዓብ ባባ ቤት በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ነው የለመድኩት። ባባ ሲጮህ አንገትህን ደፍተህ ትወጣለህ፣ እስኪበርድለት አትታይም። መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

ዓርብ

ሙንተዛህ ሰፈር፣ እንደ ሁልጊዜው የእኛዎቹ ምግብ ቤት። ትርሲት ከቤተ ክርስቲያን መጣች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ሁሉንም ነገርኳት። የመኪናው ቅባት ጋ ስደርስ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

"ውጣ አለህ?"

"አላለኝም።"

"ታዲያ ማን አስወጣህ?"

ተቆጣች። አባቷ ሸማኔ ነበሩ፣ ሙያ ሊማር መጥቶ የማይፈልጉትን ልጅ ዝም ብለው ነው የሚያሰናብቱት አለች፣ የሚጮኹት ሊያስተምሩት ባሰቡት ላይ ነው። ለባባ ስትሰግድ ኖረህ ለራስህ አንዲት ቃል መናገር አቃተህ አለችኝ። ምግቡ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ስንለያይ፣ "እኔ ያላንተ ዓርብን ምን ላድርገው?" አለችኝ። አውቶቡሷ መጣ።

ቅዳሜ

ባባን ጓደኞቹ የሚሰበሰቡበት መጅሊስ አድርሼ ሰናያ ሄድኩ። አንድ ኔፓላዊ ቆሞ ይልጋል። እጁን ሳይ ቦታዬ እንደተያዘ ገባኝ። ሐሙስ ከሰዓት፣ እኔ እንደወጣሁ ነው የመጣው አሉኝ።

አቡ ሰሚር የት ጠፋህ አለኝ። ቅባቱን የምታነሳበት መፋቂያ ላቀብልህ ዞር ስል የለህም፣ ፈለግኩህ አለ። አሁን ግን ቦታው ተይዟል፣ ሁለት ሰው የሚያሠራ ሹግል የለኝም።

ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር ላላትመው ቃጣኝ። እግሬ ወደ በሩ ዞሯል። ግን አፌ፣ "ቢያንስ ልፋቀውና ልጨርሰው" አለ።

መፋቂያውን ሰጠኝ። ያን የሚያበራ ቅባት ሁሉ አነሳሁት። በእንጨቱ መስመር ነው የሚፋቀው ብሎ ጮኸብኝ። ደግሞም ጮኸ። አልወጣሁም። ሲጠራ የምግብ ዘይት አስቀባኝ። መጨረሻ ላይ ጣውላውን ይዞ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ረዳት የሚፈልግ ጓደኛ አለኝ፣ እጠይቀዋለሁ፣ ኢንሻአላህ አለ።

ሰው ኢንሻአላህ ብሎኝ የቀረውን እኔ አውቃለሁ። ተስፋ አላደረግኩም። እሱ ጣውላውን እንደያዘ ግን ለትርሲት ደወልኩና ሲጮህብኝ እንዳልወጣሁ ነገርኳት።

"አሁን አንተን እያየህ ነው?" አለችኝ።

"ጣውላውን እያየ ነው።"

ከበስተኋላዋ ማጠቢያ ማሽኑ ይሰማኛል።

"እሱም ደህና ነው" አለች።