ዝናብ የገባበት ካሴት

አሶሳ፣ ሰኔ 1990 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ክላርኔት ስትነፋ ያቋርጥሃል? እኛ ደህና ነን። አጎታችን ሐሚስ ከጎኔ ተቀምጦ «ሁላችንም ደህና ነን ብለሽ ጻፊ» ብሎኛል፤ ይኸው ጻፍኩ። ማንበብ ስለማይችል በየመስመሩ «አሁንስ ምን አልሽ?» ይለኛል። እኔም «ስለ ዝናቡ ነው» እለዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ስለ ዝናቡ ነው።

የግንቦቱ ደብዳቤህ የደረሰን ማሽላው ከተዘራ በኋላ ነው። ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን፣ እኔ እያነበብኩ ወደ ቋንቋችን እየመለስኩ፣ አባ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ነበር። መምህርህ ክላርኔቱን አስይዘው «ወረቀቱን እጠፈውና ከራስህ አምጥተህ ተጫወት» እንዳሉህ፣ አንተም አንድ ድምፅ ነፍተህ ዝም እንዳልክ፣ ክፍሉ በሙሉ እንደሳቀብህ። እኔ ለምን ዝም እንዳልክ ወዲያው ገባኝ። ዋዛ ማለት ረጅም የቅል ጥሩምባ እንደሆነ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚነፋበት መምህርህ ያውቁ ይሆን? ከልጅነትህ ጀምሮ ያንተን ድምፅ ነፍተህ የጎረቤትህን ትጠብቃለህ፤ እሱም የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ ዜማው እንዲያ ነው የሚሞላው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ቆመህ ጎረቤትህን ስትጠብቅ ነበር፤ ማንም አልመጣልህም። እኔ አለቀስኩ። አባ ግን ሳቀ።

«ብቻውን የሚነፋ ሰው ከብት የጠፋበት ነው» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ካልቻለ ያባርሩታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ የሐምሌውን ፈተና ካላለፈ ይመለሳል አልኩት። አዲሱ ክልላችን ሙዚቃ እንዲማር የላከው የመጀመሪያው ልጅ አንተ ነህ፤ ገበያ ላይ አባ ይህን ያልነገረው ሰው የለም። ጨው ሻጮቹ ሳይቀሩ ያውቁሃል።

ቀጥዬ ልመናህን አነበብኩለት። ዋዛዎቹ በሙሉ ተነፍተው፣ ያንተ ቦታ ብቻ ባዶ ሆኖ በካሴት እንዲቀዳልህ፤ አንተም መጀመሪያ ባዶውን እየሞላህ፣ ቀስ በቀስ ከቦታህ እየወጣህ ብቻህን መሄድ እንድትለምድ። ጎበዝ! ሐሳቡስ ጥሩ ነበር። ግን በክረምት? እህል ሳይገባ ዋዛ ከተሰቀለበት እንደማይወርድ ረሳኸው እንዴ? አዲስ አበባ ይህን ያህል ታስረሳለች? አባ ተቆጣ። «ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ነፍተን ልናስደነግጠው ነው? በዝናብ ዋዛ መስማት ካማረው የመሸኛዬን ቀን ይጠብቅ በይው!» አለ። ሳቁ ደግሞ ተመለሰ። እኔ «አይሆንም ብሏል» ብዬ ብቻ ልጽፍልህ ነበር፤ እሱንም ስላልደፈርኩ ቆየሁብህ።

እምቢ ካለ በኋላ ግን እህል አልበላለት አለ። ራሱ የሚነፋውን ትልቁን ዋዛ ቀና ብሎ እያየ «ልጁን አንድ ድምፅ ብቻ ያስያዝነው እኛው አይደለን?» ይል ነበር። ለሐሚስም፣ መንገድ ከተገኘ ይቀዳለት ብሎት ነበር።

እና ካሴቱ ይኸው። ሐሚስ «ባለፈው ኅዳር የተቀዳ ነው በይ» ብሎኛል። ባለፈው ኅዳር የተቀዳ ነው።

የቀዳው ደባልቄ ነው፤ ከወሎ በሰፈራ የመጣው፣ መናኸሪያው አጠገብ ካሴት የሚሸጠው። ቴፑን በላስቲክ ጠቅልሎ መጥቶ ቆርቆሮው ሥር ቆመ። ሐሚስ ሰዎቹን ሰብስቦ «የልጁ ቦታ ባዶ ይሁን፤ ማንም እንዳይነፋበት» አለ። ያንተን ዋዛ መሐል መሬት ላይ አጋደሙት፤ እየዞሩ ሲነፉ እንዳይረግጡት ሲጠነቀቁ አይቻለሁ። በዚያ ቀን እንኳ አንተን አልረሱህም። ትልቁን የነፋው ሐሚስ ነው። ትንፋሹ እንደሚያጥረው ታውቃለህ፤ ዘግይቶ ቢገባ አትደናገር። ለምን እሱ ነፋ ብለህ ግን አትጠይቀኝ።

ሁሉን አስበው አንዲት ነገር ብቻ አላሰቡም። ደባልቄ ሱቅ ሄጄ ካሴቱን ሰማሁት። ዝናብ ይሰማል! የኛን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ከዝናቡ ሥር ደግሞ የሴቶቹ ድምፅ አለ። ኅዳር ላይ ምን ዝናብ አለ? «ጋሽ ደባልቄ፣ እባክህ ዝናቡን አጥፋልኝ» አልኩት። «አንቺ ልጅ፣ ዝናቡና ጥሩምባው አብረው ነው የገቡት፤ አንዱን ላውጣ ብል ሌላውም ይሄዳል። ምን ላርግሽ?» አለኝና ፊቱን አዞረ። ለሐሚስ ስነግረው ደግሞ «ልጁ ዜማውን ነው የሚሰማው፤ ዝናብ ማን ያዳምጣል?» አለ። ወይ ጉድ! ዩኒቨርሲቲ ያስገባህ ጆሮህ መሆኑን ዘንግተውታል።

ጨንቆኛል ወንድሜ። ካልላክሁልህ ትወድቃለህ። ብልክልህም እዚያ ብቻህን ሆነህ ትሰማዋለህ። ሽማግሌዎቹ ከፈተናው በፊት አንዲት ቃል እንዳይወጣኝ በቁርኣን አስምለውኛል፤ እኔም ቃል አላወጣሁም። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር ገረሱ ማለዳ ይነሳል። ልስጠው ወይስ ልደብቀው እያልኩ እዚህ መስመር ደረስኩ፤ እጄ አሁንም ካሴቱ ላይ ነው።

እሺ፣ እሰጠዋለሁ። ስትሰማው ሰው ከጎንህ ይሁን፤ ከክፍልህ ልጆች ያልሳቀብህን ፈልገህ አስቀምጠው። መጀመሪያ ቦታህን ፈልግ፤ ባዶውን ነው የተውልህ። ከዚያ እስከቻልከው ንፋ። እኔ ከዚህ ሌላ የምረዳህ ነገር የለኝም፤ ኖታ አላውቅ፣ ክላርኔት አላውቅ። ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳይመጣ ብለዋል። ብትመጣም እኔ አልፈርድብህም።

ሐሚስ «ደህና ነን የሚለውን ድገሚው» እያለኝ ነው። ደህና ነን።

አላህ ትንፋሽህን ያርዝመው፤ ጣቶችህን ያቅናልህ፤ በሰው ፊት አያሳፍርህ። እማ ሰላም ብላሃለች፤ ሰሞኑን ከቤት ስለማትወጣ ገበያ የምሄድላት እኔ ነኝ። አጎታችን ሐሚስ ሰላም ብሎሃል። ዋዛ ነፊዎቹ ሁሉም በየስማቸው ሰላም ብለውሃል። ደባልቄም ሰላም በይልኝ ብሏል። ሰላም ያሉህ እነዚህ ናቸው፤ የረሳሁት ሰው የለም።

እህትህ