በስድስተኛው ቀዳዳ የነበረችው ወረቀት

ሃክል ክሪክ፣ ሚዙሪ
እሑድ፣ ሜይ 14 ቀን 2017

አሁንም ባሌ ለሆንከው ለዶይል፤

እንዴት ነህ? የሰሜን ዳኮታው ብርድ ለቀቀህ ወይ? ጉልበትህስ? እኔና ማርላ ደህና ነን። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ወንድ ነው። የጓሮው በር አንተ ትተኸው እንደሄድከው በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። እንደምታውቀው ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እጄ ለመጻፍ ይዘገያል። ይህን ደብዳቤ ከምሳ በፊት ጀምሬው አሁን ዶሮዎቹ ቆጥ ሊወጡ ነው። ታገሠኝ።

ዛሬ የእናቶች ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናት የሆነችውን ሁሉ አስነሥተው ደረታችን ላይ አበባ ሰኩልን። የፓስተሩ ሚስት ለእኔ ሁለት ሰካችልኝና «አንዱ በሰማይ ላለው ለኮልቢ ነው፣ የኔ እናት» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ቤት ስደርስ ሁለቱንም ለአሳማዎቹ ጣልኩላቸው። እነሱም አሽትተው ተዉአቸው።

የምጽፍልህ ግን ስለ አበባ አይደለም። መቃብር የምናጸዳበትና የምናስጌጥበት እሑድ በዚህ ወር ሃያ ስምንት ላይ ይውላል። ልጅህ ማርላ አሥራ ስድስት ሞላት። ለልደቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ እሑድ፣ ከመቃብሩ ምሳ በኋላ፣ እንደ ድሮው ወንዝ ዳር ወርደን ጣሳ እንድንተኩስ። አንተም ባለህበት። ለዚህ ብዬ ነበር የደወልኩልህ። «እስከ አምስት መቁጠር ያቃተው ልጅ መቃብር ላይ አልቆምም» አልክና ስልኩን ዘጋህብኝ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። የዚያን ቀን የተጸየፍኩት አንተን መስሎኝ ነበር።

ኮልቢን የገደለውን ሽጉጥ ከድልድዩ ላይ ወርውረኸዋልና ቤት ውስጥ መተኮሻ የለንም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ማርላን ይዤ ከተማ ወረድኩ። የምፈልገውን አውቅ ነበር። ሃያ ሁለት የሚባለው ትንሹ ዓይነት፣ ጥይቱ ርካሽ የሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚስቡት፣ ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገባ፣ ያ የድሮው ዓይነት ሽጉጥ። ለጣሳ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ሰውን ዝግ ያሰኘዋል፤ ከእያንዳንዱ ጥይት በፊት እንዲያስብ ያስገድደዋል። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ።

ከሽጉጥ ሱቁ ባንኮኒ ጀርባ የቆመው ሰውዬ ጢሙ እስከ ደረቱ ወርዷል። ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ትምባሆ ወትፎ፣ ምራቁን እፊታችን ወዳለ የወረቀት ኩባያ እንትፍ ይላል። ኩባያው ግማሽ ደርሷል። እንደምንም ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሳሁ።

«እሺ ማዘር፣ ለራስሽ ነው ወይስ ለቆንጆዋ?»

«ለጣሳ ነው» አልኩት።

«ለጣሳ! ጣሳው ምን በደለሽ?» ብሎ በገዛ ቀልዱ ተንከተከተ።

ከዚያ ያልጠየቅሁትን አወጣ፤ አሥራ አምስት ጥይት የሚጎርስ ጥቁር ነገር። «ሌባ ቤትሽ ቢገባስ?» አለኝ።

«ሌባ ቤታችን ቢገባ የሚያገኘው ዶሮ ነው» አለችው ማርላ።

ቀጥሎ እጀታው ሮዝ የሆነ ሌላ አመጣ። «ይሄ ደግሞ ለሴቶች ታስቦ የተሠራ ነው» አለ። ማርላ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንሥታ መለሰችለት። «አጎቴ፣ ይሄ የአሻንጉሊት ፀጉር ማድረቂያ ነው።» አጠገባችን የዓሣ መንጠቆ ይመርጡ የነበሩ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ አልሳቅሁም። ወንዶች ሞትን ሮዝ ቀለም ቀብተው ለልጄ ሲያቀርቡላት እንዴት ይሳቃል?

በስንት ልመና የጠየቅነውን አወጣ። ሁለት ነበሩ። ርካሹ አካሉ ከቅይጥ ማዕድን የተሠራ ነው፤ ብረት እንዲመስል ቀለም ተቀብቷል፤ ጎኑ ላይ በአውራ ጣት የምትወርድ መቆለፊያ አለችው። ከበሮውን ሳዞረው ይንገጫገጫል፤ የቀለሙ ሽታ ደግሞ እጄ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ከእሱ በሰባ ዶላር ይበልጣል። ብረቱ ብረት ነው፤ እጀታው እንጨት ነው፤ ማነጣጠሪያው አናቱ ላይ የተፈለፈለች ቦይና ጫፉ ላይ ያለች ጉብታ ብቻ ናት። የሚጣመምና የሚሰበር ነገር የለውም። ሆዱ ውስጥ፣ በመዶሻውና ጥይቱን በሚወጋው መርፌ መካከል፣ አንዲት የብረት ምላስ አለች። ምላጩ እስከ መጨረሻው ካልተሳበ ብቅ አትልም፤ እሷ ብቅ ካላለች መዶሻው መርፌውን አይነካም። ድንጋይ ላይ ቢወድቅም አይባርቅም። ምላሷን በጣቴ ጫፍ ነካኋት፤ ከጥፍሬ አትበልጥም። ይህችን የምታህል ብረት ናት የጎደለችን ዶይል።

መስተዋቱ ሥር ግን ሦስተኛ ነበር፤ ያገለገለ። አንተ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ለገዛኸው ለኛው ሽጉጥ ወንድሙ ነው። ያው የተቦጨቀ እጀታ፣ ያው ጥይቱ ላይ የሚያርፍ የመዶሻ ሹል አፍንጫ።

«ይሄማ ለአንቺ በነፃ ማለት ነው» ብሎ አወጣውና ባዶውን ጠቅ፣ ጠቅ አደረገው።

«ባዶውን አታስጩኸው» አልኩት። «የሃያ ሁለት ጥይት የሚመታው ጠርዙ ላይ ነው። ቀለሃ ከሌለበት አፍንጫው የቀዳዳውን ከንፈር ይቀጠቅጠዋል፤ ኋላ ጥይቱ አይገባልህም።»

«ኧረ ማዘር! ታውቂያለሽ እንዴ?» እንትፍ አለ። «እስቲ ለቆንጆዋ አሞላሉን ላሳያት።» የማይተኩሱ የመለማመጃ ጥይቶች አወጣና አንድ በአንድ እየገፋ ስድስቱንም ሞላ።

«አምስት ነው» አለች ማርላ።

«አምስት የሚሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስድስት ቀዳዳ ያለው ስድስት እንዲሞላ ነው። አንዷን ለማን ልትተዪ ነው፣ ለእግዜር?»

«አባቴ ነው አምስት ያለን። መዶሻው የሚያርፍበት ቀዳዳ ባዶ ይሆናል።»

«አባትሽ ፈሪ ነዋ!»

ማርላ እስከ አንገቷ ቀላች። ያልጠበቅሁትን ተናገረች። «አባቴ ፈሪ አይደለም። አባቴ ልክ ነበር። ወንድሜ ነው አልሰማም ብሎ ስድስት ሞልቶ የሞተው። ደደብ ነበር።»

መንጠቆ የሚመርጡት ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ወጥቼ መኪናችን ጎማ ሥር አስመለስኩ። ማርላ ተከትላኝ መጥታ ጀርባዬን ስታሽ «የሰውዬው ትምባሆ ነው» አልኳት። አልነበረም።

ዶይል፣ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጬ አሳማዎቹን አብልቼ ተመለስኩ። አሁን እጽፈዋለሁ።

አባትህ ለአንተ፣ አንተም ለልጆቹ ያስተማርከውን ታስታውሳለህ፤ ስድስተኛው ቀዳዳ ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት ትገባለች፤ ጣት ረስቶ ጥይት እንዳያገባበት። ኮልቢ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የራሱን ወረቀት ከመኖ ከረጢት ቀደደ። በእርሳስ ጽፎባት ለአንተ አሳየህ፤ አንተም ስቀህ ራሱን ዳበስከው። አሥር ዓመት ሙሉ፣ ሲተኩስ እያወጣት፣ ሲጨርስ እየመለሳት፣ ከዚያ ሽጉጥ አልለያትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በዚያ ማክሰኞ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ እባብ ገባ። ኮልቢ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቦት ጫማውን እያጠለቀ ነበር። «እማ፣ ሽጉጡን ሙዪልኝ» አለኝ። ሽጉጡን ከቆዳ ማህደሩ አወጣሁ። አምስቱን ሞላሁ። ስድስተኛው ላይ ወረቀቷን አገኘኋት። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አምስቱን ስቶ እባቡ ካመለጠው በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስቀንበት ነበር። ወረቀቷን በሹራብ መርፌ ጎትቼ አወጣሁና ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። በቦታዋ ጥይት አገባሁ። አንድ ተጨማሪ ይኑረው ብዬ። ልጄ ላይ እንዳይሳቅበት ብዬ። ማህደሩ ውስጥ መልሼ ሰጠሁት። ወገቡ ላይ አሠረውና ሄደ። አልቆጠረም። ከእናቱ እጅ የተቀበለውን የሚቆጥር ልጅ የት አለ?

የቀረውን ታውቃለህ። የዶሮ ቤቱን መሰላል ሲወጣ ሽጉጡ ሾልኮ ድንጋዩ ላይ በመዶሻው ወደቀና ባረቀበት።

ሸሪፉ ከበሮውን ከፍቶ ስድስት ብሎ ሲቆጥር፣ አንተ «ይሄ ልጅ! ስንት ጊዜ ነገርኩት!» ብለህ ስትጮህ፣ እኔ በረንዳው ላይ ሽርጤን ጨብጬ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ቀብሩ ይለፍ አልኩ። ቀብሩ ሲያልፍ ክረምቱ ይለፍ አልኩ። አንተ በልጁ መናደድ ስትጀምር ደግሞ ቀለለኝ። ቀለለኝ ዶይል። ሙት አይከራከርም። የመቃብሩን ድንጋይ አላሠራም ስትል ዝም አልኩ። ከማርላ ፊት ስሙን በክፉ ስታነሣ ዝም አልኩ። ሻንጣህን ስትጭን እንኳ በሩን ያዝኩልህ። ያ ሻጭ በየኩባያው የሚተፋው ከእኔ ዝምታ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይተፋዋል፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጥኩት።

ስለዚህ ልጅህ አምስት መቁጠር ያውቅ ነበር። አንተን ሰምቶሃል። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሰምቶሃል። ያልሰማሁህ እኔ ነኝ።

በዚያ ሐሙስ አፌን ጠርጌ ወደ ሱቁ ተመለስኩና ብረቱን ገዛሁ፤ ያንን ምላስ ያለውን። ቅይጡን ለሰውዬው ተውኩለት፤ ወንድሙን ግን ከመስተዋቱ ሥር እንዲያነሣው ነገርኩት፤ ወይም ደግሞ ሲሸጠው አምስት ብሎ እንዲሸጥ። «እሺ እትዬ» አለኝ፤ ማዘር ማለቱን ትቶ። ማርላ ገና አንድም ጥይት አልተኮሰችበትም፤ አባቴ ይምጣ ብላለች። ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ጥይቱ ለብቻው፣ ተቆልፎበት ተቀምጧል።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ከመውሰዴ በፊት ለማርላ አነብላታለሁ። ለአንተ ብቻ ብነግርህ ግማሽ ውሸት ሆኖ ይቀራል። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ከዚህ በኋላ እናቴ ባትለኝም አልፈርድባትም። አንተም ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መግባት ከተጸየፍክ፣ መብትህ ነው፤ በዚያ እሑድ እኔ ምግቡን አስቀምጬ መኪናው ውስጥ እቆያለሁ። ለእኔ ብለህ አትምጣ። የልጅህ መቃብር ላይ ግን ቁም። ይቅርታ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ከሁለታችንም።

ወረቀቷን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አጥፌ ልኬልሃለሁ። ሁለት ዓመት በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነበረች። ባሩድ ጠርዟን አጥቁሯታል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። «ይህቺ ባዶ ትሁን። ኮልቢ ነኝ» ይላል።

አዲሱ ሽጉጥ ስድስቱንም ቢሞሉት አይባርቅም አሉ። እኛ ግን የምንሞላው አምስት ነው። ስድስተኛው ቀዳዳ ወረቀት ይፈልጋልና ይዘሃት ና።

ጉልበትህን ከብርድ ጠብቅ። መንገድህን ጌታ ያቅናልህ፤ በበረዶም በጭቃም ላይ እጁ አይለይህ። እኔን ይማረኝ እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ አንተን ግን ይጠብቅህ።

አርዲት

ከዚህ በታች የጨመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ለማርላ አነበብኩላት። ወረቀቷን ተቀብላኝ ፊደሎቹን በጣቷ ስትከተል ቆየችና መለሰችልኝ። እስካሁን አላናገረችኝም። ቴምብሩን ግን የለጠፈችው እሷ ናት።